በረኪናን እንዴት በትክክል እናቅጥን?

ፒያሳ አንድ ሱቅ በር ላይ የበረኪና ጠርሙሶች ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታቸው ሳይ ያንገበግበኛል። ስሙን ከጣሊያንኛው «ቫሬኪና» የወረሰው ይህ ፈሳሽ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ብርሃንና ሙቀት ያፈርሱታል። ሽታው እያለ ጉልበቱ ያልቃል። በምሠራበት ላቦራቶሪ ደም የነካውን ጠረጴዛ የምናጸዳው በእሱ ስለሆነ፣ የደከመ በረኪና ያልሞተ ጀርም ማለት ነው። ሲገዙ ጥላ ውስጥ የቆየውን፣ የምርት ቀኑ ቅርብ የሆነውን ይምረጡ።

ጓንት፣ መነጽርና ጋወን አድርገው መስኮት ይክፈቱ። ጣት ላይ ሲነካ እንደ ሳሙና የሚያሙለጨልጨው የቆዳችንን ቅባት እየበላ ነው።

ለደም የሚያስፈልገው 0.5 ከመቶ የሆነ በረኪና ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የከመቶ ቁጥር ለ0.5 ያካፍሉና 1 ይቀንሱ። 5 ከመቶ ከሆነ 10 ይመጣል፤ 1 ሲቀነስ 9። ዘጠኝ እጅ ውሃ፣ አንድ እጅ በረኪና። ለሁለቱም መለኪያው አንድ ዕቃ እስከሆነ ድረስ ጆግም ስኒም ይሆናል። ውሃው ቀዝቃዛና የጠራ ይሁን፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል ሥር የቀረው ድፍርስ ውሃ በበረኪናው ውስጥ ያለውን ጀርም ገዳይ ክሎሪን ይጨርሰዋል። ብረት ስለሚበላ በፕላስቲክ ዕቃ ይበጥብጡ። ቀንና ሰዓት ይጻፉበት፤ በማግስቱ ይደፋል።

ደም ሲፈስ ወዲያው አይወልውሉ። ሶፍት አልብሰው፣ የቀጠነውን በረኪና ከዳር ወደ መሃል ያፍስሱበትና 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ሁላችንም የምንቸኩለው እዚህ ላይ ነው። የደሙ ፕሮቲን ራሱ ክሎሪኑን ስለሚጨርስ፣ ብዙ ከሆነ ሶፍቱን አንስተው እንደገና ያፍስሱ፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ ይጥረጉ።

ከአሲድ ጋር አያገናኙት፤ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ቢሆን መርዛማውን ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ከአሞኒያ ጋር ደግሞ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይሆናል፤ የቆየ ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ። ላቦራቶሪ ለምትሠሩ፦ ጓኒዲን የሚባል ኬሚካል ያለበት የምርመራ ኪት ቆሻሻ ላይ አታፍስሱ፤ በረኪና የነካውንም አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ውስጥ አታስገቡ።

ዓይን ከነካ በሚፈስ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይታጠቡ። የተረፈውን በውሃ ፕላስቲክ፣ እባካችሁ፣ አታስቀምጡ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ከጠጣም እንዲያስመልስ አይሞክሩ፤ አፉን አጉመጥምጠው፣ ጠርሙሱን ይዘው ሐኪም ቤት ይሩጡ።