የውጭ በሩ መብራት አልበራ ሲላችሁ፦ በመብራት መስመር የሚሄድ ሲግናል ሲደክም ምን ይደረግ?

ሳሎን ቁጭ ብላችሁ የውጭ በሩን መብራት ለማብራት ትጫናላችሁ፤ ዝም። ደግማችሁ ትጫናላችሁ፤ ዝም። በሦስተኛው ይበራል። እንደ ኤክስ ቴን (X10) ያለ፣ በመብራት መስመሩ ላይ ሲግናል እየላከ ቤቱን የሚቆጣጠር ሲስተም ያስገባ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ብዙዎች ዕቃው ተበላሽቷል ብለው ሌላ ይገዛሉ። ቆይ፣ አትግዙ። አብዛኛውን ጊዜ ላኪው፣ ማለትም የምትጫኑት ዕቃ፣ ጤነኛ ነው። ሲግናሉን መንገድ ላይ የሚበላው ወይም በኤሌክትሪክ ጩኸት የሚያፍነው ሌላ ዕቃ ነው።

ኤክስ ቴን የሚልከው በ120 ኪሎኸርዝ የሚርገበገብ፣ 1 ሚሊሰከንድ ብቻ የሚቆይ ምልክት ነው። የሚልከውም የመብራቱ ቮልቴጅ ዜሮን በሚያቋርጥበት ቅጽበት ነው። ከላኪው ሲወጣ ጥቂት ቮልት ቢሆን ነው፤ ግቢው ጫፍ ሲደርስ ደግሞ ኢምንት ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ ነገር ያጠፋዋል።

መጀመሪያ ከላኪውና መብራቱን ከሚያበራው መቀበያ በቀር የቤቱን ስፒና በሙሉ ንቀሉና ሞክሩ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ቴሌቪዥኑ በሪሞት ቢጠፋም ውስጡ ያለው ካፓሲተር የሚባል ክፍል መስመሩ ላይ እንደተቀመጠ ሲግናሉን ይበላል። ሁሉም ተነቅሎ ከሠራ፣ አንድ በአንድ እየመለሳችሁ በየመሀሉ ሞክሩ። ሲግናሉ የጠፋበት ዕቃ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ለገጣፎ እህቴ ቤት ቀን ሲሠራ የሚውለው ሲስተም ማታ እምቢ ይል ነበር። እሷ ምጣዱን ጠረጠረች። ምጣድ ግን ማሞቂያ ሽቦ ነው፣ እንዲህ ያለ ጩኸት አያወጣም። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ወስጄ በኤኤም፣ ጣቢያ በሌለበት ቦታ አስቀምጬ፣ ሶኬት ለሶኬት ዞርኩ። ሰርቪስ ቤት፣ የዘበኛው አልጋ ራስጌ ስደርስ ሬዲዮው ዝዝዝ ብሎ ጮኸ። ርካሽ የስልክ ቻርጀር ነበር፣ ማታ ማታ ብቻ የሚሰካ። ሲነቀል ጩኸቱም ቆመ፣ የበሩ መብራትም በአንድ ጊዜ በራ።

ጥፋተኛው ቻርጀር ከሆነ ቀይሩት። መንቀል የማይቻል ከሆነ፣ ለምሳሌ ኮምፒውተር ወይም ዩፒኤስ፣ ለዚሁ የተሠራ ፊልተር በሶኬቱና በዕቃው መሀል አስገቡለት፤ የፊልተሩ አምፒር ከዕቃው እንዳያንስ እዩ። ሌላው ትልቅ በላተኛ ስታቢላይዘር ነው። መቀበያውን ከስታቢላይዘር ወይም ሰርጅ መከላከያ ካለው ዲቫይደር በኋላ አትሰኩት፣ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሁን። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው የ110 ቮልት ዕቃም በትራንስፎርመር አይሠራም፤ እንዲህ ያለውን ሲግናል ትራንስፎርመሩ አያሳልፈውም። 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል ፈልጉ።

ሁሉም ተነቅሎም ካልሠራ ፌዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ይዞ የሚገባውን ሽቦ፣ ጠርጥሩ። አንዳንድ ግቢ ውስጥ ቆጣሪው ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ ዋናው ቤት በአንዱ፣ ማድ ቤቱና ሰርቪሱ በሌላው ይሆናል። ሲግናሉ ከአንዱ ፌዝ ወደ ሌላው ለመሻገር ይቸገራል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የአንዳንድ ብሬከር መስመሮች ሁልጊዜ ይሠራሉ፣ የሌሎቹ ቀንም ማታም አይሠሩም። ሰርቪሱን ወደ ዋናው ቤት ፌዝ ማዛወር ቀላሉ ነው፣ ያ መስመር ጭነቱን የሚችል ከሆነ። ካልሆነ ሲግናሉን ከፌዝ ወደ ፌዝ የሚያሻግር የፌዝ ማገናኛ ይገጠማል፤ በሁለት ፌዝ መሀል 380 ቮልት ስላለ በፍጹም ራሳችሁ አትንኩት፣ ማገናኛውን ቤት ውስጥ ከካፓሲተር ለመሥራትም አትሞክሩ። ለሁለቱም ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። እግረ መንገዱንም የላሉ ብሎኖችን ያጥብቅላችሁ፣ ላኪውንም ከብሬከሩ ሳጥን አጠገብ ያድርገው፤ ከዚያ ወደ ሁሉም መስመር ርቀቱ ያጥራል።

ስትጨርሱ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደግማችሁ ሞክሩ። ያኔ ቴሌቪዥኑም ቻርጀሩም ተሰክቷል፣ የጎረቤትም ጩኸት በጋራው መስመር ይመጣል። በተከታታይ 10 ጊዜ ጫኑ። አንዱ እንኳ ከሳተ፣ ሬዲዮውን ይዛችሁ እንደገና ዙሩ።