የኮክፒት ማስጠንቀቂያ ሲጮህ፦ የሚታዘዙትና የሚነበቡት

በመንገደኞች አውሮፕላን ኮክፒት ውስጥ ደወል፣ ጥሩንባ፣ የሰው ድምፅ፣ ቀይና ብርቱካናማ መብራት፣ አልፎ ተርፎም በአብራሪው እጅ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ መሪ አለ። ሥልጠና የጀመረ ወይም በቤቱ ኮምፒውተር ላይ በረራ የሚለማመድ ሰው ብዙውን ጊዜ ለሁሉም እኩል ይደነግጣል። ይሁንና ማስጠንቀቂያዎች በሁለት ወገን መከፈል አለባቸው፤ ጥቂቶቹ ያለ ጥያቄ የሚታዘዟቸው ናቸው፣ የቀሩት ግን ተረጋግተው የሚነበቡ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ላንብብ የሚል አብራሪ ጊዜው ያልፍበታል፤ ሁለተኛዎቹን ሳያነብ የሚጣደፍ ደግሞ ጤነኛውን ሞተር ሊያጠፋ ይችላል።

ስለ ቀለም ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቀይ አፋጣኝ እርምጃን ይጠይቃል፤ ብርቱካናማ ወዲያው እንዲያውቁትና እርምጃውን ቀጥለው እንዲወስዱ ይነግራል፤ ከዚያ በታች ያለው ለማወቅ ያህል ነው። ስክሪኖቹ ግን ይለያያሉ። የኤርባሱ ኢካም ብልሽቱን ከነእርምጃው በቅደም ተከተል ይዘረዝራል፤ የቦይንጉ አይካስ ብልሽቱን በስሙ ይጽፍና እርምጃውን ለቼክሊስቱ ይተወዋል። ቦይንግ 737 ግን፣ አዲሱን ሞዴል ማክስን ጨምሮ፣ ይህ የመልእክት ሥርዓት የለውም፤ ማስተር ኮሽን የሚባለው አጠቃላይ የጥንቃቄ መብራት ሲበራ ከጎኑ ያለው አነስተኛ ሰሌዳ ችግሩ በየትኛው ክፍል እንዳለ ብቻ ስለሚጠቁም፣ አብራሪው ቀና ብሎ ከራሱ በላይ ካለው ፓነል መፈለግ ይኖርበታል።

መጀመሪያ የሚታዘዟቸውን እንይ። የመሬት መቅረብ ማስጠንቀቂያው ‹ፑል አፕ› (ወደ ላይ ሳብ) ብሎ ሲጮህ አውቶፓይለቱንና የሞተሩን ኃይል በራሱ የሚቆጣጠረውን ኦቶስሮትል ያላቅቁ፣ ሞተሮቹን እስከ መጨረሻ ኃይላቸው ይግፉ፣ ክንፉን አግድም አስተካክለው አፍንጫውን ወደ ላይ ያንሱ፤ በቦይንግ አውሮፕላኖች የመጀመሪያው ልክ 20 ዲግሪ ነው። የአየር ፍሬኑ ተዘርግቶ ከሆነ ይመልሱት፤ ጎማውንና ፍላፑን (ከክንፉ ጀርባ የሚዘረጋውን ክፍል) ግን ከመሬቱ እስኪርቁ ድረስ አይንኩ። ካርታ ማየትም ሆነ ‹የት ነን?› ብሎ መጠየቅ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በቀን ብርሃንና በጠራ ሰማይ መሬቱን በዓይን አይቶ ያረጋገጠ አብራሪ ብቻ ከዚህ ሊያፈነግጥ ይችላል።

ከሌላ አውሮፕላን ጋር ከመጋጨት የሚጠብቀው ቲካስም እንዲሁ ነው። ‹ትራፊክ፣ ትራፊክ› ሲል ይመልከቱ እንጂ አቅጣጫም ከፍታም አይቀይሩ፤ ‹ክላይምብ› (ውጣ) ወይም ‹ዲሴንድ› (ውረድ) ሲል ግን በ5 ሰከንድ ውስጥ ምላሽ መስጠት ይጀምሩና መሣሪያው ላይ በአረንጓዴ የሚታየውን የመውጫ ወይም የመውረጃ ፍጥነት ይያዙ። በዚህ ጊዜ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ተቃራኒ ትእዛዝ ቢሰጥስ? የሚታዘዙት ቲካስን ነው፤ ለተቆጣጣሪውም ይህንኑ ያሳውቃሉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2002 በጀርመኗ ዩበርሊንገን ሰማይ ላይ ቲካስ የሩሲያውን ቱፖሌቭ ‹ውጣ›፣ የጭነቱን ቦይንግ 757 ‹ውረድ› ሲል፣ ተቆጣጣሪው ቱፖሌቩን ውረድ አለው። ሁለቱም ወረዱና ተጋጭተው 71 ሰዎች አለቁ።

ሦስተኛው የሚንቀጠቀጠው መሪ፣ ማለትም ስቲክ ሼከር ነው። ክንፉ የመሸከም ኃይሉን ሊያጣ መቃረቡን ስለሚናገር መልሱ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ነው፤ የሞተር ኃይል ከዚያ ይከተላል። እየወደቀ ያለ ሰው መሪውን ወደ ራሱ መሳብ ስለሚያምረው፣ ይህ ምላሽ በልምምድ ብቻ የሚገኝ ይመስለኛል። ስቲክ ሼከር የሌለው፣ በድምፅ ‹ስቶል› እያለ የሚያስጠነቅቀው የኤር ፍራንስ ኤርባስ እ.ኤ.አ. በ2009 አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የወደቀው፣ ድምፁ ደጋግሞ እየተሰማ አፍንጫው ወደ ላይ እንደተሳበ ነበር።

አሁን ወደሚነበቡት እንለፍ። ብርሃኑ ሲበራ ቀዳሚው ጥያቄ ‹ምን ተበላሸ?› ሳይሆን ‹አውሮፕላኑን ማን እያበረረ ነው?› የሚለው ነው። አንደኛው አብራሪ ዓይኑን ከበረራ መሣሪያዎቹ ላይ አያነሳም፤ ሌላው ድምፁን ዝም ያሰኝና መልእክቱን ጮክ ብሎ ያነባል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1972 የኢስተርን አየር መንገድ ሠራተኞች በሙሉ የጎማውን መውጣት በምታሳይ አንዲት የተቃጠለች አምፖል ላይ ሲያተኩሩ አውቶፓይለቱ ከፍታ መያዝ ማቆሙን አላዩም፤ የከፍታ ማስጠንቀቂያው ድምፅ ቢሰማም ያዳመጠው አልነበረም፣ አውሮፕላኑም ፍሎሪዳ ረግረግ ውስጥ ወደቀ።

ለአብነት በመነሳት ላይ ሳሉ የሞተር እሳት ደወል ቢጮህ፣ ቪ ዋን ከሚባለው የውሳኔ ፍጥነት ካለፉ በኋላ በረራው ይቀጥላል። ደወሉን ዝም ያሰኙ፤ ቢያንስ 400 ጫማ እስኪደርሱ ድረስም አውሮፕላኑን ከማብረር በቀር ሌላ አይሥሩ። ከዚያ የኃይል ሊቨሩን መልሱ፣ የነዳጁን ማቋረጫ ዝጉ፣ የእሳቱን እጀታ ሳቡ፤ መብራቱ ካልጠፋ እጀታውን አዙረው አንደኛውን የእሳት ማጥፊያ ይልቀቁ፣ ከ30 ሰከንድ በኋላም ካልጠፋ ሁለተኛውን። እያንዳንዱን ከመንካት በፊት እጅ ቦታው ላይ ይቆማል፣ የሚነካው በስሙ ይጠራል፣ ሁለተኛው አብራሪም አይቶ ያረጋግጣል። ይህን የሚያህል ጥንቃቄ ትርፍ የሚመስለው ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዟ ኬግዎርዝ አጠገብ የወደቀውን ቦይንግ 737 ያስብ፤ የተጎዳው የግራው ሞተር ሆኖ ሳለ የጠፋው የቀኙ ነበር፣ 47 ሰዎችም ሞቱ። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2010 ከሲንጋፖር የተነሳው የካንታስ ኤ380 አንድ ሞተሩ ሲፈነዳ፣ አብራሪዎቹ በስክሪኑ የጎረፉትን መልእክቶች አንድ በአንድ ለመጨረስ 50 ደቂቃ ያህል ፈጅተው 469 ሰዎችን በሰላም አሳርፈዋል።

የአየር ግፊት መቀነስ በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚገኝ ነው፤ የመጀመሪያው እርምጃ ያለ ንባብ ይፈጸማል፣ እሱም የኦክስጅን ጭምብል ማጥለቅ ነው። በ35,000 ጫማ ላይ አእምሮ በትክክል የሚሠራው ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ ጭምብሉን አስቀድሞ ምክንያቱን መፈለግ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2005 ከላርናካ የተነሳው የሄሊዮስ ቦይንግ 737 የአየር ግፊት መቀነስን የሚያስጠነቅቀውን ጥሩንባ ሲያሰማ፣ ያው ድምፅ መሬት ላይ ለመነሳት አለመዘጋጀትንም ስለሚያመለክት አብራሪዎቹ ከዚያ ጋር አምታቱት፤ 121 ሰዎች ሞቱ። ጭምብሉ ከጠለቀ በኋላ መውረድ ይቀጥላል። ብዙ ሰው ‹እስከ 10,000 ጫማ› ብቻ ብሎ ይሸመድደዋል፤ ነገር ግን ራስ ዳሽን ብቻውን ወደ 15,000 ጫማ ስለሚጠጋ በሰሜን ተራሮች ላይ እንዲያ መውረድ ከተራራ ጋር መገናኘት ነው። ደንቡ 10,000 ጫማ ወይም የአካባቢው ዝቅተኛ አስተማማኝ ከፍታ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው።

የሚከብደው ማስጠንቀቂያዎቹ ራሳቸው ሲዋሹ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2019 ከቦሌ በተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 302 በረራ ላይ ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለካው የግራው የአንግል ኦፍ አታክ ሴንሰር 74.5 ዲግሪ፣ የቀኙ 15.3 ዲግሪ ያነብ ነበር። በዚህም የተነሳ የካፒቴኑ መሪ ከመሬት እንደተነሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ የፍጥነትና የከፍታ ንባቦች ተለያዩ፣ ‹ዶንት ሲንክ› (ዝቅ አትበል) የሚለው ድምፅ ተሰማ፣ በኋላም የፍጥነት መብዛት ማስጠንቀቂያው ተጨመረ፤ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ደግሞ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋ ነበር። 157 ሰዎች ካለቁበት ከዚህ አደጋ በኋላ አንድ አብራሪ ስንት ድምፅ በአንድ ጊዜ ማስተናገድ ይችላል የሚለው ጥያቄ ለአምራቾችም የቀረበ ነው፤ ሸክሙን በኮክፒት ውስጥ ላሉት ብቻ መተው ፍትሐዊ አይደለም። አንዱ መሣሪያ ሌላውን ሲቃወም 737 ላይ የሚታወቀው መነሻ አውቶፓይለቱን፣ ኦቶስሮትሉንና ፍላይት ዳይሬክተሮቹን (በስክሪኑ ላይ የአቅጣጫ ምሪት የሚሰጡትን መስመሮች) አጥፍቶ በሚታወቅ አቋምና ኃይል ማብረር ነው፦ ፍላፕ ተዘርግቶ ከሆነ አፍንጫው 10 ዲግሪ ወደ ላይና የሞተር ኃይል 80 በመቶ፣ ፍላፕ ከተሰበሰበ 4 ዲግሪና 75 በመቶ። ከዚያ የግራውን፣ የቀኙንና የተጠባባቂውን መሣሪያ አነጻጽረው የትኛው እንደሚታመን ይለያሉ።

ካረፉ በኋላ የተሰማውን ሁሉ፣ በራሱ ጊዜ ያቆመውንም ጭምር፣ በቴክኒክ መዝገቡ ላይ ይጻፉ፤ መካኒኩ የሚያየው መብራት ላይኖር ይችላል፣ በዋናነት የሚመራው የእርስዎ ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 2018 ከዴንፓሳር ጃካርታ የበረረው የላየን ኤር አውሮፕላን መሪው ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ በሰላም አረፈ፤ በመዝገቡ ላይ የፍጥነትና የከፍታ ንባቦች አለመስማማት ተጻፈ፣ የመሪው መንቀጥቀጥና የስታቢላይዘሩን (የጭራውን አግድም ክንፍ) የኤሌክትሪክ ማቋረጫ መጠቀማቸው ግን አልተጻፈም። ያው አውሮፕላን በማግስቱ ጠዋት 189 ሰዎችን ይዞ ተነሳ።