ከድሬ ተነስቶ ጅቡቲ አንድ ሌሊት አድሮ መመለስ፦ ከጓደኞች ጋር እንዴት ይኬዳል

ስለ ጅቡቲ ሲወራ ሁሉም ስለ ባህሩ ነው የሚያወራው፣ ግን ጉዞውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ከድሬ ሳትወጡ የምትሰሩት ስራ ነው። አንድ ሌሊት በጣም አጭር ነው እኮ፣ ኬላ ላይ ሰዓታችሁ ከባከነ ወይ ቀትር ላይ ሻንጣ ይዛችሁ ሆቴል ፍለጋ ከዞራችሁ በቃ አለቀ፣ ባህሩን በታክሲ መስኮት አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሂድ።

1. ሰው ምረጡ

አራት ሰው በጣም አሪፍ ነው። አንድ ታክሲ ይበቃችኋል፣ ሁለት ክፍል ይበቃችኋል፣ ምግብም ስታዙ ይቀላል። ከአራቱ አንዱ ሶማልኛ የሚያወራ ይሁን፣ ድሬ ላይ ደግሞ ይሄ አይቸግርም። ጅቡቲ የመንግስት ቋንቋዋ ፈረንሳይኛና አረብኛ ቢሆንም ሰዉ እቤቱም ገበያም የሚያወራው ሶማልኛና አፋርኛ ነው፣ ዋጋ ላይ ያለው ልዩነት ወዲያው ይታያችኋል።

2. ወረቀት፣ ወረቀት፣ ወረቀት

ፓስፖርታችሁን ዛሬውኑ አውጥታችሁ ማብቂያ ቀኑን እዩ፣ ቢያንስ ስድስት ወር ይቅረው። ቪዛውን ድንበር ላይ ደርሼ እጨርሳለሁ የሚል ሰው በቡድኑ ውስጥ ካለ አሁኑኑ አስቁሙት፣ ኦንላይን ማመልከት ስለሚቻል ቀደም ብላችሁ ጨርሱና ፕሪንት አድርጉት፣ ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት ቻርጅ ያልቃል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ነው። ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ይጠየቃል፣ ክትባቱ ደግሞ ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው የሚታሰበው፣ ስለዚህ ለመሄድ ሶስት ቀን ሲቀር መሮጥ አይጠቅምም። ጥሩው ነገር አንዴ ከተወጋችሁ ካርዱ ለእድሜ ልክ ያገለግላል። ከውጭ የመጣ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ መመለሻ ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑን ቼክ አድርጉለት፣ ሲወጣ ማንም አይከለክለውም ሲመለስ ነው ጉዱ የሚፈላው።

3. ወቅትና ቀን

ከግንቦት እስከ መስከረም አትሂዱ። እኛ የድሬ ልጆች ሙቀት ለምደናል እንላለን ግን በነዚህ ወራት የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከባህር እርጥበት ጋር ነው የሚመጣው፣ ሌሊትም አይበርድም። ከህዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው ደስ የሚለው፣ ያኔ አሳ ነባሪ ሻርኮችም ወደ ታጁራ ባህረ ሰላጤ ይመጣሉ፣ ግዙፍ ናቸው ግን ሰው አይነኩም። እዛ የእረፍት ቀን አርብና ቅዳሜ ነው፣ አርብ እስከ ጁምአ ማብቂያ ብዙ ነገር ዝግ ስለሚሆን ቅዳሜ ጠዋት ወጥቶ እሁድ መመለስ ይሻላል። ረመዳን ከሆነ ቀን ላይ የሚበላ ማግኘት ይከብዳል፣ አስቡበት።

4. ባቡር ወይስ መንገድ

ባቡሩ በራሱ ጉዞ ነው። ድሬ ራሷ በ1895 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ አይደለች እንዴ? ከከዚራ (የድሬ ሰፈር ነው) ልጅ ባቡር የማይወድ የለም። ግን ልብ በሉ፣ ያሁኑ ባቡር ለገሃር ካለው ከድሮው ጣቢያ አይነሳም፣ አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ያለ ነው፣ ጅቡቲም የሚያወርዳችሁ ነጋድ ነው ከዛም ታክሲ ያስፈልጋል። የሚሄድበትና የሚመለስበት ቀን ለአንድ ሌሊት ላይገጥም ስለሚችል ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለቱንም ቀን አጣሩ።

እኔ ለአንድ ሌሊት መንገዱን ነው የምመክረው። ከድሬ እስከ ድንበሯ ከተማ ደወሌ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥሩ የክፍያ አስፋልት ነው፣ ከደወሌ ተሻግራችሁ በጉሊሌና በአሊ ሳቢህ አድርጋችሁ ከተማ ለመግባት ደግሞ ወደ መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ውጡ። ቁርሳችሁን ከመጋላ ገበያ ሳምቡሳና ሙሸበክ (ጣፋጩን ጥብስ) ያዙ፣ ውሃ በደንብ ያዙ። ድንበር ላይ አንድ ሰው የሁሉንም ፓስፖርት አይሰብስብ፣ ሁሉም የራሱን ይዞ ይሰለፍና ማህተሙ መመታቱን እዛው ገልጦ ይይ።

5. ገንዘብ

ገንዘብ ያዥ ምረጡ፣ እንደ እቁብ ሰብሳቢ፣ ታማኝና ሂሳብ የማይሰለቸው። ከመነሳታችሁ በፊት እኩል አዋጡና ታክሲ፣ ምግብ፣ ውሃ ሁሉ ከዛ ይከፈል። ይሄ ጓደኝነት ያድናል፣ ወላሂ።

ብር ይዞ መውጣት ገደብ ስላለው በህጋዊ መንገድ ያገኛችሁትን ዶላር ነው የምትይዙት። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ከዶላር ጋር ታስሮ የቆመ ነው፣ 1 ዶላር ወደ 177 ፍራንክ፣ ስለዚህ ሺ ፍራንክ ማለት 5 ዶላር ከ60 ሳንቲም ገደማ ነው። ይቺን በቃላችሁ ያዟት ምክንያቱም ከተማው ውድ ነው። መንገድ ዳር ቦርሳቸውን አቅፈው የተቀመጡ ሴቶች ታያላችሁ፣ ሰሪፍሌ ይባላሉ፣ የሚመነዝሩት እነሱ ናቸው። ቴሌብር ላይ ግን አትተማመኑ።

6. ከተማ ስትገቡ

ቀትር አካባቢ ነው የምትደርሱት፣ ያን ሰዓት ከተማው ይተኛል። ጫቱ ከኛ አገር ገብቶ ተከፋፍሏል፣ ሱቁ ተዘግቷል፣ ሰዉ እቤቱ ነው፣ እስከ 10 ሰዓት ድረስ እንደዛ ነው። አትታገሉት፣ እናንተም ተኙ። ለዚህ ነው ሆቴሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት፣ ስትይዙም ኤሲው በክፍያው ውስጥ መሆኑን ጠይቁ። መኒልክ አደባባይ አካባቢ ብትይዙ ሁሉም በእግር ነው። ታክሲዎቹ አረንጓዴና ነጭ ናቸው፣ ሳትገቡ ዋጋ ተነጋገሩ። ሰዓት ስትቀጣጠሩ ደግሞ የነሱ 4 የኛ 10 ነው፣ በዚህ የሹፌር ቀጠሮ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው።

ማታ የየመን ዓሳ ቤት ግቡ። ዓሳው ከጀርባው ተሰንጥቆ ይዘረጋል፣ በርበሬ ተቀብቶ እንደ ጉድጓድ ባለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይለጠፋል፣ ዳር ዳሩ ጠቆር ብሎ መሀሉ ግን ውሃውን ሳያጣ ይወጣል፣ ከጎኑ ክንድ የሚያክል ስስ ትኩስ ቂጣ ይመጣል። በእጃችሁ ብሉ። ሙዝና ማር የተፈተፈተበት ቂጣም እዘዙ፣ አቦ ያን ሳትቀምሱ እንዳትመለሱ። የሚጠጣ ውሃ የታሸገ ግዙ፣ የቧንቧው ጨዋማ ነው።

7. እሁድ ጠዋት

ወይ ባህር ወይ አሳል ሐይቅ፣ ሁለቱንም አትሞክሩ። አሳል ከባህር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ፣ ድንቅ ነው፣ ግን ደርሶ መልስ ብቻ ግማሽ ቀን ስለሚበላ ሁለት ሌሊት ላለው ሰው ነው የሚሆነው። እናንተ 12 ሰዓት ላይ ኮር አምባዶ የሚባለው የባህር ዳርቻ ሂዱ፣ ከከተማ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ፀሐይ ሳትከር ዋኙ። የማይዋኝ ጓደኛ ብቻውን ውሃ ውስጥ አይግባ። ወደቡን፣ ኤርፖርቱን፣ የጦር ካምፖቹን ፎቶ አታንሱ፣ አሜሪካም ቻይናም ፈረንሳይም ጃፓንም እዛ ጦር አላቸው፣ በዚህ አይቀለድም።

8. መመለስ

ከ6 ሰዓት በፊት ከተማውን ለቃችሁ ውጡ፣ ሲመሽ ድንበር ላይ እንዳትቀሩ። ለራሳችሁ የሚሆን ሽቶ ወይ ልብስ ችግር የለውም፣ ግን አንድ አይነት እቃ ደርዘን ከያዛችሁ ጉምሩክ ንግድ ነው ይላችኋል። ይቺን እቃ ድሬ አድርሱልኝ የሚል የማታውቁት ሰው ቢመጣ ምንም ያህል ቢለምን እምቢ በሉ፣ ሻንጣችሁ ውስጥ የተገኘ ነገር የናንተ ነው። ስትሄዱም ጫት በሻንጣ አትያዙ፣ የሚወጣው በፈቃድ ነው። የተረፈውን ፍራንክ ድንበር ሳትደርሱ መንዝሩት፣ ገንዘብ ያዡም ሂሳቡን እዛው መኪና ውስጥ ያንብብና የተረፈው ይከፋፈል፣ ድሬ ከገባችሁ በኋላ እንተሳሰባለን ከተባለ ሳምንት ያልፋል።