ሮለር ከመግዛታችሁ በፊት በእጃችሁ አሽከርክሩት

ውጭው ሲበርድ ቤት ውስጥ ብስክሌት ለመንዳት ሮለር (ብስክሌቱ ሳይታሰር ጎማዎቹ ላያቸው ላይ የሚዞሩባቸው ሲሊንደሮች ያሉት መሣሪያ) ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ በእጃችሁ አሽከርክሩ። ለስለስ ብሎ ረዘም ላለ ጊዜ ከዞረ ኩሽኔታው ደህና ነው። ያገለገለ ቢሆንም አትፍሩ፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ኩሽኔታና ቺንጋው ይቀየራል። ሲሊንደሩ ሲዞር ከተወላገደ ግን በነፃም ቢሰጧችሁ ተዉት።

ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ሮለሩ ሳይሆን ጎማው ነው። ጥርሳሙ የተራራ ጎማ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ልሙጥ ጎማ ግጠሙ፣ በደንብ ንፉት። ከሮለሩ ስር ወፈር ያለ የላስቲክ ምንጣፍ ከሌለ ንዝረቱ ቀጥታ ታች ቤት ይወርዳል።

የመጀመሪያ ቀን ግድግዳ ተጠግታችሁ ጀምሩ። እኔ መሃል ሳሎን ጀምሬ ሶፋው ላይ ነው ያረፍኩት።