መኪና ስትመርጡ ቁጥሩን ብቻ አትዩ

ኮዬ ፈጬ አካባቢ ጌም ቤት የምትጫወቱ ልጆች፣ ይቺን ልብ በሉ። ፎርዛ ሆራይዘን 5 የሚባለው የመኪና ውድድር ጌም መኪኖችን በብቃት ነጥብ በክላስ ይመድባል፤ ኤ ክላስ ማለት ከ701 እስከ 800 ነጥብ ነው። ሁለት መኪኖች እኩል 800 ሆነው አነዳዳቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል። አንዱ ነጥቡን ያገኘው ከሞተር ጉልበት ነው፤ ሌላው ከጎማና ከፍሬን። ስለዚህ ፍጥነት፣ አያያዝ (መኪናው ኩርባ ላይ መንገድ የመያዝ አቅሙ)፣ ፍሬን እያሉ የሚዘረዘሩትን መስመሮች እዩ። መንገዱ ጥምዝምዝ ከሆነ አያያዙ ከፍ ያለውን ውሰዱ። ቀጥ ያለ ረጅም ከሆነ ፍጥነቱን። እኔ ብጠየቅ ለጀማሪ ሁሌም አያያዝ ይሻላል።

ዲኤልሲ፣ ማለትም ለጌሙ ተጨማሪ ሆኖ የሚወርድ ነገር፣ ለምሳሌ መኪና፣ ክላሱ እስከተገደበ ድረስ በራሱ አያሸንፍላችሁም። መኪናውን ከወደዳችሁት ግዙ። ዋናው ጌም ከሌላችሁ ግን አይሠራም።

ፕሌይስቴሽን ላይ ሌሎች ጌሞችን በዲስክ ለምትጫወቱ አንድ አደራ አለኝ፦ የዲስኩና የአካውንታችሁ ሪጅን (የተመደቡበት የዓለም ክፍል) ካልገጠመ፣ የከፈላችሁበት ዲኤልሲ ላይከፈት ይችላል። ያገለገለ ዲስክ ስትገዙ ሽፋኑን እዩት። የአሜሪካው ኢኤስአርቢ የሚል የዕድሜ ምልክት አለው፣ የአውሮፓው ፔጊ። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ።