የብርሃንና የቀለም ኤግዚቢሽን ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ለብዙዎቻችን የሐዋሳ ልጆች የሥዕል ኤግዚቢሽን ማለት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሸራ ነው። ብርሃንን፣ ቀለምንና ባዶ ቦታን መሥሪያ ያደረገ ኤግዚቢሽን ግን ሌላ ዓለም ነው። ግማሹን ሥራ የሚሠራው የራሳችሁ ዓይን ነው። ስለዚህ ዓይናችሁን ሳታዘጋጁ ከገባችሁ ያመልጣችኋል።

ከፀሐይ በቀጥታ መግባት። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ከሐይቁ ዳር በቀትር ፀሐይ መጥታችሁ፣ ከባጃጅ ወርዳችሁ ቀጥ ብላችሁ ጨለማ ክፍል ብትገቡ ምንም አይታያችሁም። የዓይን ብሌን ቶሎ ይሰፋል። በደብዛዛ ብርሃን የሚያዩት የዓይን ህዋሳት ግን ጨለማውን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋሉ። ሰው ደግሞ አንድ ደቂቃ ቆሞ «ምንም የለም እኮ!» ብሎ ይወጣል። ያሳዝናል። በብርሃን የሚሠራው አሜሪካዊ አርቲስት ጄምስ ተሬል ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ጨርሶ የማይታዩ ሥራዎች አሉት። መጀመሪያ ጥላ ያለበት ቦታ አረፍ በሉ። ከገባችሁ በኋላም ታገሡ።

ስልክ መነካካት። አንዴ ስክሪኑን ካያችሁ ዓይናችሁ የለመደውን ጨለማ ያጣል፤ እንደገና መጠበቅ ነው። የአጠገባችሁንም ሰው ታበላሹበታላችሁ። ፎቶውም ቢሆን አይሆንም። ካሜራው ጨለማውን በራሱ ያደምቃል፣ ቀለሙን «ያስተካክላል»። ወዳጅ ዘመድ የምታሳዩት እናንተ ያያችሁትን አይደለም። ፍላሽማ ጭራሽ አይታሰብ።

መብራቱን ብቻ ማየት። ዴንማርካዊ-አይስላንዳዊው ኦላፉር ኤሊያሰን በ1997 እ.ኤ.አ. የሠራው አንድ ክፍል አለ። ውስጡ ያሉት አምፖሎች አንድ ዓይነት ቢጫ ብርሃን ብቻ ይሰጣሉ። እዚያ ነጠላ ለብሳችሁ ብትገቡ የጥለቱ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክር አይለይም። ሁሉም ወይ ቢጫ፣ ወይ ግራጫ፣ ወይ ጥቁር ነው። ቀይ ክር ቀይ የሚመስለው የሚያንጸባርቀው ቀይ ብርሃን ሲያገኝ ነውና፣ ያ ብርሃን ከሌለ ቀለሙም የለም። እንዲህ ያለ ክፍል ስታገኙ አምፖሉ ላይ አታፍጥጡ። እጃችሁን፣ ልብሳችሁን፣ የጓደኛችሁን ፊት እዩ።

አንድ ቦታ ተገትሮ መቅረት። ቬንዙዌላዊው ካርሎስ ክሩዝ-ዲዬዝ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀጫጭን ባለቀለም ዝርግ ቁርጥራጮችን በጠርዛቸው ጎን ለጎን እያቆመ ሥራዎችን ሠርቷል። ከግራ ወደ ቀኝ ስትራመዱ ቀለሙ ይለወጣል። ቆሞ ያየ ሰው ሥራውን አላየም ማለት ይቻላል። ራቁ፣ ቅረቡ፣ ቁጭ በሉ። ልጆች ይሄን ሳይነገራቸው ያውቁበታል፤ ስለዚህ ይዛችኋቸው ሂዱ።

ገና ሳያዩ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ማለት። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ ጊዜው ነው ያልደረሰው። ቀይ ነገር ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ትኩር ብላችሁ ከዚያ ነጭ ግድግዳ እዩ። ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥላ ይታያችኋል። እዚያ ግድግዳ ላይ ማንም ምንም አልቀባም። ትርጉሙን መጠየቅ ከዚህ በኋላ ይደርሳል።

«የፈረንጅ ነገር ነው» ብሎ መተው። አዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥራ አስቡት። 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ከኋላው ፀሐይ ካልመጣ ቀለሙ አይናገርም። እኛም በብርሃን ሥለናል።

ሌላው ቀላል ነው። ካልተፈቀደ አትንኩ። ሰው ሲበዛ ተራችሁን ጠብቁ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አብሯችሁ ካለ ግን በር ላይ ያለችውን አስተናጋጅ «እህቴ፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አለ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትግቡ። ይሄን ማፈር አያስፈልግም።