የባዮስ ፓስወርድ የጠፋበት ላፕቶፕ፦ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት

ላፕቶፑ ሲበራ የዊንዶውስ ምልክት ሳይመጣ ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ሳጥን ብቅ ትልና ፓስወርድ ትጠይቃለች። ያስታወሳችሁትን ሁሉ ትሞክራላችሁ፤ ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ በኋላ ማሽኑ ይደርቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ካቻቢቴ ነው። ደረሰኙ ይቅደም። ላፕቶፕ ላይ የፈርምዌር ፓስወርድ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን በሚያነሳው ፕሮግራም (ፈርምዌር ወይም ባዮስ) ላይ የሚቀመጠው፣ የተሠራው የሰረቀ ሰው እንዳይጠቀምበት ስለሆነ፣ የባለቤትነት ወረቀት ከየትኛውም መሣሪያ ይበልጥ ይከፍታል። ደግነቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተቆለፈው ማሽኑ ነው እንጂ ፋይላችሁ አይደለም።

የሚጠይቀው የትኛው ፓስወርድ ነው?

በደፈናው "የባዮስ ፓስወርድ" የሚባለው ነገር ቢያንስ ሦስት ነው፤ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው።

የማብሪያ ፓስወርድ ማሽኑ በበራ ቁጥር ይጠይቃል፤ ካልተሰጠው ወደየትም አያሳልፍም። የአስተዳዳሪ ፓስወርድ፣ አምራቾች ሱፐርቫይዘር፣ አድሚን ወይም ሴትአፕ የሚሉት፣ ዊንዶውስን አይከለክልም። የሚመጣው ወደ ባዮስ ሴቲንግ ለመግባት ስትሞክሩ ብቻ ነው፤ ዴል፣ አሱስና ኤሰር ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ የሌኖቮው ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1 ስትነኩ ማለት ነው። ሦስተኛው የዲስክ ፓስወርድ ነው። ይህኛው የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ (የማሽኑ ዋና ሰሌዳ) ላይ ሳይሆን ራሱ ዲስኩ ውስጥ ነው።

ከነዚህ ጋር የሚምታታ አራተኛም አለ፤ በሰማያዊ ስክሪን ላይ 48 አሃዝ የሚጠይቀው ቢትሎከር፣ የዊንዶውስ የዲስክ መመስጠሪያ። ቁጥሩ በ8 ክፍል፣ እያንዳንዱ 6 አሃዝ ሆኖ ይጻፋል። ይህ ከፈርምዌር ጋር አይገናኝም፤ ቁልፉን የምታገኙት በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ወይም ማሽኑን ከሰጣችሁ መሥሪያ ቤት የአይቲ ክፍል ነው።

ማክ ላይ ደግሞ የቁልፍ ምስልና አንድ የጽሑፍ ሳጥን ብቻ ከመጣ የፈርምዌር ፓስወርድ ነው። የ4 ወይም የ6 አሃዝ ኮድ ከጠየቀ ግን ፋይንድ ማይ በሚባለው የአፕል የጠፋ ዕቃ መፈለጊያ በኩል ከርቀት ተቆልፏል። የአፕል ኤም ቺፕ ያላቸው ማኮች የፈርምዌር ፓስወርድ የሚባል ነገር የላቸውም፤ ጉዳዩ የሚነሳው ኢንቴል ማክ ላይ ነው።

ጽሑፉ ግልጽ ካልሆነላችሁና ዲስኩ የሚነቀል ከሆነ ቀላል መለያ አለ። ማሽኑን አጥፍታችሁ፣ ቻርጀሩን ነቅላችሁ፣ የውስጡን ባትሪ ሶኬት አላቅቃችሁ ዲስኩን አውጡ። ከዚያ ባትሪውን መልሳችሁ አብሩ። ጥያቄው ከቀረ ፓስወርዱ የዲስኩ ነበር፤ አሁንም ከጠየቀ የማዘርቦርዱ ነው።

ረሳሁት ከማለታችሁ በፊት ኪቦርዱን ጠርጥሩ

ባዮስ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው የአሜሪካን የኪቦርድ አቀማመጥ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ የመረጣችሁት ቋንቋ እዚያ አይደርስም። ኪቦርዳችሁ የፈረንሳይ ከሆነ ኤና ኪው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ የጀርመን ከሆነ ዋይና ዜድ። እንደ መደመርና ሰረዝ ያሉ ምልክቶችማ ጨርሶ ሌላ ቦታ ናቸው። ፓስወርዱን በሌላ ኪቦርድ ካስገባችሁት ያኔ የነካችኋቸውን ቁልፎች ቦታ አስቡ እንጂ በላያቸው የተጻፈውን ፊደል አትከተሉ።

የቁጥር ረድፍ በስተቀኝ የሌላቸው የቆዩ ትናንሽ ላፕቶፖች ላይ ነም ሎክ ሲበራ ፊደሎቹ ቁጥር ይሆናሉ፤ ጄ፣ ኬ፣ ኤል ወደ 1፣ 2፣ 3 ይለወጣሉ። ሳጥኑ የሚያሳየው ኮከብ ብቻ ስለሆነ ስህተቱ አይታይም። ነም ሎክንና ካፕስ ሎክን አጥፍታችሁ፣ ማሽኑ ሳይበራ የዩኤስቢ ኪቦርድ ሰክታችሁ ሞክሩ። የቆዩ ቲንክፓዶች ፓስወርድን በ7 ፊደል ይገድቡ ነበር፤ ረጅም ፓስወርድ አስገባሁ ብላችሁ የምታስታውሱ ከሆነ መጀመሪያዎቹን 7 ብቻ መሞከር አይከፋም።

ሦስት ጊዜ ተሳስታችሁ ማሽኑ ከደረቀ ሥራው አልቆለታል ማለት አይደለም። የማብሪያውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ አጥፉትና እንደገና ጀምሩ። የሞከራችሁትን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ ያንኑ ስህተት ደጋግማችሁ ስትሞክሩ ትውላላችሁ።

ዊንዶውስ አሁንም የሚነሳ ከሆነ

የአስተዳዳሪው ፓስወርድ ብቻ ከጠፋ ዛሬውኑ ማድረግ ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው። ፋይሎቻችሁን ወደ ውጫዊ ዲስክ ገልብጡ። ቀጥሎ በኮንትሮል ፓነል የቢትሎከርን ገጽ ከፍታችሁ የሪከቨሪ ቁልፉን በሌላ ቦታ አስቀምጡ። ዊንዶውስ 11 ላይ ማንም ሳይነግራችሁ ዲስኩ ተቆልፎ ሊሆን ስለሚችል "እኔ ቢትሎከር አልጠቀምም" ብላችሁ አትለፉት። ማዘርቦርዱ የሚነካካ ወይም የሚቀየር ከሆነ አስቀድማችሁ ጥበቃውን ለጊዜው አቁሙት፤ አለበለዚያ ማሽኑ ተጠግኖ ሲመለስ 48ቱን አሃዝ ይጠይቃችኋል።

የባዮስ ማሻሻያ ፋይል ከዊንዶውስ መጫን ፓስወርዱን አያጠፋም። የአምራቹ የባዮስ ማስተካከያ ፕሮግራሞችም አሮጌውን ፓስወርድ ሳይሰጡ አይሠሩም።

በእኛ ግምት ዩኤስቢ ማስነሳት ወይም ሴቲንግ መቀየር የማያስፈልገው ሰው እንዲህ ያለውን ማሽን እንዳለ ቢጠቀምበት ምንም አይጎድልበትም። ፓስወርዱ ግድ የሚሆነው ዊንዶውስ የተበላሸ ቀን ነውና መጠባበቂያ ቅጂው ይኑራችሁ።

የባትሪው ነገር

"ትንሿን ባትሪ ነቅለህ መልሳት" የሚለው ምክር የመጣው ከዴስክቶፕ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ሴቲንጉ የሚቀመጠው ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ሲሞስ በሚባል ማህደረ ትውስታ ስለነበር ባለ 3 ቮልቷ ሲአር2032 ስትነቀል ፓስወርዱም አብሮ ይጠፋ ነበር። አሁንም ብዙ የዴስክቶፕ ማዘርቦርዶች ለዚሁ ሥራ ጃምፐር (ሁለት እግሮችን የሚያገናኝ ትንሽ ክዳን) አላቸው። ላፕቶፕ ላይ ግን የአስተዳዳሪው ፓስወርድ የሚጻፈው ያለ ኃይል በሚቆይ ቺፕ ላይ ነው። ባትሪዋን ለአንድ ዓመት ብታወጧትም ቺፑ አይረሳም።

ለየት ያለው የማብሪያ ፓስወርድ ነው። በአንዳንድ ሞዴሎች፣ በተለይ በቆዩ ቲንክፓዶች፣ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ካልተቀመጠ የማብሪያው ፓስወርድ ባትሪዋ ስትነቀል ይጠፋል። የማሽኑን የጥገና ማኑዋል ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ይህ መኖሩን አረጋግጡ። ካለ እንዲህ ታደርጋላችሁ፦

1. ማሽኑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ የታች ክዳኑን ክፈቱ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ በወጡበት ቅደም ተከተል አስቀምጧቸው።
2. መጀመሪያ ዋናውን ባትሪ ከማዘርቦርዱ አላቅቁ። ይህ ሳይሆን ትንሿን መንቀል ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል።
3. የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጫኑ፤ የቀረው ኃይል ይውጣ።
4. ትንሿን ባትሪ ንቀሉ። ላፕቶፕ ላይ ብዙውን ጊዜ በፕላስቲክ ተጠቅልላ በሁለት ሽቦና በትንሽ ሶኬት ነው የምትያዘው፤ ሽቦውን ሳይሆን ሶኬቱን ይዛችሁ አውጡ። ጨርሶ የሌላቸው አዳዲስ ሞዴሎችም አሉ።
5. ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሁሉንም መልሱና አብሩ።

ይህን ያለ ማጣራት የሚያደርግ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ባትሪዋ ስትነቀል ሰዓቱ ይጠፋል። ሰዓቱ የጠፋበት ቲንክፓድ ስህተት 0271 ብሎ ቀኑን እንድታስተካክሉ ወደ ሴቲንግ ይወስዳችኋል፤ ሴቲንጉ ደግሞ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ይጠይቃል። ትናንት ዊንዶውስ ያስነሳ የነበረው ማሽን ዛሬ ጭራሽ አይነሳም። ሌላ ቦታ ደግሞ የዲስክ መቆጣጠሪያው ሴቲንግ ወደ ፋብሪካው ይመለስና ዊንዶውስ ሰማያዊ የስህተት ስክሪን ያሳያል። የአስተዳዳሪ ፓስወርድ እንዳለበት ካወቃችሁ ትንሿን ባትሪ አትንኳት።

ወደ አምራቹ

ከመደወላችሁ በፊት አራት ነገር አዘጋጁ፤ የግዢ ደረሰኝ፣ በተቻለ መጠን ሲሪያል ቁጥሩ የተጻፈበት፤ ደረሰኙ ላይ ካለው ስም ጋር የሚገጥም መታወቂያ፤ ማሽኑ ጀርባ ላይ ያለው መለያ ፎቶ፤ በመጨረሻም ማሽኑ ሲቆለፍ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ኮድ ፎቶ። ኮዱን በእጅ መገልበጥ ዜሮን ከኦ ያምታታል።

ዴል ላይ ስክሪኑ የሚያሳየው ባለ 7 ፊደልና ቁጥር የሰርቪስ ታግ ነው፤ ከኋላው ሰረዝና 4 ተጨማሪ ምልክቶች ይከተሉታል። ድጋፍ ሰጪው ባለቤትነታችሁን ካረጋገጠ ለዚያ ማሽን ብቻ የሚሠራ መክፈቻ ይሰጣል። መክፈቻው ትክክል ሆኖ "ተሳስተሃል" ካለ አንዳንድ ሞዴሎች ኢንተርን ብቻውን ስለማይቀበሉ ኮንትሮልን ይዛችሁ ኢንተር ተጫኑ። ማሽኑን ያገለገለ ከገዛችሁት ታጉ አሁንም በቀድሞው ባለቤት ስም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ራሱ በዴል ድረ ገጽ ባለቤትነቱን እንዲያዛውር ጠይቁት።

ሌኖቮ ጥብቅ ነው። የቲንክፓድ ሱፐርቫይዘር ፓስወርድ ከጠፋ ማኑዋሉ የሚያውቀው መፍትሔ ማዘርቦርድ መቀየር ብቻ ነው፤ ለዚያም ደረሰኝ ይጠየቃል፣ ሊያስከፍልም ይችላል። ፓስወርድ መርሳት የፋብሪካ ጉድለት ስላልሆነ ዋስትና ይሸፍነዋል ብላችሁ አትጠብቁ።

ኢንቴል ማክ ላይ የፈርምዌር ፓስወርድ የሚመጣው ከሌላ ዲስክ ለማስነሳት ወይም ሪከቨሪ (የማኩ መጠገኛ ክፍል) ለመግባት ስትሞክሩ ነው፤ ከተለመደው ዲስክ ያለ ጥያቄ ይነሳል። ፓስወርዱ ትዝ ካላችሁ ኮማንድና አር ይዛችሁ ሪከቨሪ ግቡና ስታርትአፕ ሴኩሪቲ ዩቲሊቲ ውስጥ አጥፉት። ካልታወሳችሁ ዋናውን ደረሰኝ ይዛችሁ አፕል ስቶር ወይም አፕል የፈቀደለት ጥገና ቤት ሂዱ።

የመሥሪያ ቤት ማሽን ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ ተዉትና የአይቲ ክፍሉን ጠይቁ፤ ፓስወርዱ መዝገባቸው ውስጥ ያለ ነው።

ኮድ አመንጪ ድረ ገጾችና ቺፕ ማንበብ

ስክሪኑ ላይ ያለውን ኮድ ተቀብለው መክፈቻ የሚያሰሉ ገጾች አሉ። አሠራራቸው ለቆዩ ሞዴሎች ይሠራል፤ አዳዲሶቹ ላይ አምራቾቹ ስሌቱን ቀይረውታል። ፕሮግራም አውርድ የሚል ወይም ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ ዝጉት።

ሌላው መንገድ ባለ 8 እግሩን የፈርምዌር ቺፕ ፕሮግራመር በሚባል ቺፕ ማንበቢያና መጻፊያ መሣሪያ አንብቦ ማስተካከል ነው። ይህን ለባለሙያ ተዉት፤ ግን ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እወቁ። ቺፑ 3.3 ቮልት ነው ወይስ 1.8? ለ1.8ቱ 3.3 የሰጠ ሰው ቺፑን ይገድለዋል። ከመጻፉ በፊት ሁለት ጊዜ አንብቦ ሁለቱ ፋይሎች አንድ መሆናቸውን ያመሳክራል? ዋናውን ቅጂስ ለእናንተ ይሰጣችኋል? ሲሪያል ቁጥሩና የዊንዶውስ ላይሰንስ ቁልፉ ብዙውን ጊዜ እዚያው ቺፕ ውስጥ ስለሆኑ ከሌላ ማሽን የተገለበጠ ፋይል የሚጭን ሰው እነሱንም ያጠፋል። ቡት ጋርድ በሚባለው የኢንቴል ጥበቃ የተቆለፉ ማሽኖች የተነካካ የማስነሻ ክፍል ካገኙ ጭራሽ አይነሱም። ለእነዚህ "በአንድ ሰዓት እከፍተዋለሁ" የሚል ሰው ይጠርጠር።

ማዘርቦርድ መቀየር

ከመስማማታችሁ በፊት ራምና ኤስኤስዲው ቦርዱ ላይ የተበየዱ መሆናቸውን ጠይቁ፤ ከሆኑ ከአሮጌው ቦርድ ጋር ይሄዳሉ። ኤስኤስዲው የሚነቀል ከሆነ ፋይሉን አስቀድማችሁ በዩኤስቢ መያዣ ማንበብ ትችላላችሁ። መያዣው ከዲስኩ ዓይነት ጋር ይግጠም፤ ኤም.2 የሚባለው ቀጭን ዲስክ ኤንቪኤምኢና ሳታ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት፤ ለኤንቪኤምኢ ብቻ የተሠራ መያዣ ሳታ የሆነውን አያነብም፣ ሁለቱ በመጠን ቢመሳሰሉም። ቢትሎከር ያለበት ዲስክ እዚህም 48ቱን አሃዝ ይጠይቃል።

አዲሱ ቦርድ ከተገጠመ በኋላ ቴክኒሽያኑ ሲሪያል ቁጥሩንና የሞዴሉን ስም እንዲጽፍበት አሳስቡት። ዊንዶውስ "አልነቃም" ካለ ላይሰንሱ ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ጋር የተያያዘ ከሆነ በዚያ በኩል ማስመለስ ይቻላል። ያገለገለ ቦርድ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ፊት አብርታችሁ ባዮሱ ውስጥ ግቡ፤ ራሱ የተቆለፈ ቦርድ ገዝቶ የሚመለስ ሰው ጥቂት አይደለም።

የዲስክ ፓስወርድ

እዚህ ላይ ተስፋ አንሰጥም። ማዘርቦርድ ብትቀይሩ፣ ዲስኩን ሌላ ላፕቶፕ ላይ ብትገጥሙት ጥያቄው አብሮት ይሄዳል። ከ5 የተሳሳተ ሙከራ በኋላ ዲስኩ ኃይል ጠፍቶ እስኪበራ ድረስ ትክክለኛውን እንኳ አይቀበልም። ራሱን በራሱ የሚመሰጥር ኤስኤስዲ ከሆነ መለያው ላይ ፒኤስአይዲ የተባለ 32 ፊደልና ቁጥር ልታገኙ ትችላላችሁ። በአምራቹ ፕሮግራም ስታስገቡት ዲስኩ እንደ አዲስ ያገለግላል፤ በውስጡ ያለው ፋይል ግን ለዘላለም ይጠፋል። የዲስክ ፓስወርድ ካለባችሁ መጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ነው የሚያድናችሁ።

እንደገና ስታስገቡ

ማሽኑ ከተከፈተ በኋላ ፓስወርድ የምትመልሱ ከሆነ በየትኛውም ኪቦርድ ቦታቸው የማይቀየር ፊደሎችን ምረጡ፤ ኤ፣ ኪው፣ ደብሊው፣ ዜድ፣ ዋይ፣ ኤምና ምልክቶች ይቅሩ። ካስገባችሁ በኋላ ፓስወርዱን ሳትረሱት ማሽኑን አጥፍታችሁ አብሩና አሁኑኑ ፈትሹት። የጻፋችሁበትን ወረቀት ከደረሰኙ ጋር አንድ ላይ፣ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ አኑሩት።